ከግራ ሁለተኛው

ከገበያው ማዶ፣ ቢቸና ከተማ፣
ዝናብ ሲወርድባት ሌላ የማይሰማ
አንዲት ቆርቆሮ ቤት፣ መጽሐፍ የሞላባት፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ የያዝሁባት።

ከዚያ ሁሉ መሐል አንድ መጽሐፍ አለ፣
ሦስት ጊዜ ሰፍቼው ጀርባው የዛለ።
የፔሩ አገር ሰው ነው፤ ጎጃምን አያውቅም፤
ጎጃም ግን ሲገልጠው አንድ ቀን አይደክምም።
ገጹ ቅቤ ጠግቧል፤ ዳሩ ተቆልምሟል፤
የፍርድ ቤት ጸሐፊ በእርሳሱ አስምሯል፤
አዋላጇ ትብለጥ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ምጥ እስኪፋፋም ድረስ ይዛው ሳትተኛ።
የውሰት ካርዱ ሞልቶ አራት ጊዜ ተቀየረ፣
የሰው ስም በሰው ስም ላይ እየተደረደረ።

ካጠገቡ ያሉት ግን፣ ባንድ ሣጥን የመጡት፣
ጽዱ ናቸው፤ ጣትም ዓይንም ያልነካቸው።
ንጽሕና ለመጽሐፍ ነውር መሆኑን
ያየሁት በነሱ ነው፣ አቧራ ስጠርግላቸው።

እውነት ለመናገር እኔም አንብቤዋለሁ።
ጥሩ ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ ያንቀላፋል።
መጨረሻው ግን፣ ያ ሰው ወንዙን ሲሻገር፣
እንጃ፣ የቤቱን ሁሉ ድምፅ ያጠፋል።

እኔን የሚያመኝ ከሽፋኑ ጀርባ ያለው ነው።
አራት ወጣቶች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሊማ ከተማ፤
ክራቫት ያሰሩ፣
ሒሳቡን አራት ቦታ ተካፍለው የከፈሉ የሚመስሉ።
ከበታች በደቃቅ ፊደል፦
«ደራሲው፣ ከግራ ሁለተኛው።
ከወዳጆቹ ጋር።»

በቃ። ወዳጆቹ።
ከግራ አንደኛው አገጩን በመዳፉ ደግፏል፤
ሦስተኛው ሲጋራውን ረስቶት ዐመዱ ረዝሟል፤
ከቀኝ ዳር ያለው ግን ይሥቃል፣ አፉን ከፍቶ፤
ምናልባት ከሁሉ የሚልቀውን ቃል ያን ለት ተናግሮ፤
ካሜራ ድምፅ አይዝም፤
ቀረ እዚያው፣ ከብርጭቆው ሥር ተቀብሮ።

ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ አጎት ነበረኝ።
ስማቸው ይባላል።
በሃያ ሰባት ዓመቱ ዓባይ በረሃ ላይ ወባ ወሰደው።
አብረውት ከቆጠሩት አንዱ ታላቅ ሊቅ ሆነ፤
ካባ ደረበ፤ ሬዲዮ ጠየቀው፤
ሸምግሎ አንድ ቀን እናቴ ቤት ገባ፦
«ስማቸው የዘረፈ ለት
እኛ እጃችንን አፋችን ላይ ጫንን፤
የኔታ እንኳ ይበል ማለት ረሱ» አላት።
«ምን ነበር ቅኔው?»
ራሱን ነቀነቀ።
ዛሬ የተባለ ነገ አይባልም፤ ሥርዓቱ ነው።
«ጣዕሙ አለ፤ ቃሉ የለም» አለና
ጠላውን ጨለጠ።

ባለፈው ሰኔ መባቻ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣
አትክልት የምትባል የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ
መጽሐፉን መለሰች፤
ገልብጣ ጣቷን ቀኝ ዳር ላይ አሳረፈች፦
«የዚህ የሚሥቀው መጽሐፍ የለም?»
የለም አልኋት።
«ጽፎ ነበር?»
እኔ ምን ዐውቃለሁ! የቢቸና ሰው ነኝ።
ትንሽ ቆመች፣ የምትከራከረኝ መስሎኝ ነበር፣
ሄደች።

ማታ ልዘጋ ስል ካርዱን ልመልስ አነሣሁት።
ከሦስቱ ፊቶች ሥር፣ በእርሳስ፣ በቀጭን እጅ፣
አንዲት ቃል፦
«ስማቸው?»

ላጲስ ያዝሁ። የመንግሥት ንብረት ነው፤ ደንብ አለ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ያን ጊዜ ጀመረው።
ላጲሱን ወደ መሳቢያው መለስሁ፤
መብራቱን ሳላጠፋ ተቀመጥሁ።

አጎቴ ሊማ ገብቷል።
ከቀኝ ዳር ነው፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሏል፤
ሌሎቹ ዝም ብለዋል፤ ከግራ ሁለተኛውም ዝም ብሏል፤
እሱ አፉን ከፍቷል።
ይሄ ዝናብ ባይሆን
ምን እንዳለ እሰማ ነበር።